«ከየት ልጀምር?»፦ የልዕለ ጀግና የሥዕል ታሪክ፣ ወዳጆቹና አማርኛ

የልዕለ ጀግና የሥዕል ታሪክ ወዳጅ የሆነ ሰው ጓደኛውን ወደ ንባቡ ሲጋብዝ ተጋባዡ መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ «ከየት ልጀምር?» የሚል ነው። ልቦለድ ለለመደ አንባቢ ጥያቄው ግራ ያጋባል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከየት ልጀምር የሚል ሰው ቢገጥመን «ከመጀመሪያው ገጽ ነዋ!» ብለን እንስቃለን። የሥዕል ታሪኩ ወዳጅ ግን አይስቅም። ያስባል፤ ጠያቂውን መልሶ ይጠይቃል፤ ፊልሙን አይተህ ነው? የሚያልቅ ነው የምትፈልገው ወይስ የማያልቅ? ሥዕሉ ነው የሚማርክህ ወይስ ንግግሩ? ከዚህ በኋላ ነው አንድ ጥራዝ መርጦ የሚሰጠው። ንግግሩ ተራ የወዳጆች ወግ ይመስላል። በእኔ አስተያየት ግን ስለ ደራሲነት፣ ስለ ሴራና ስለ ፍጻሜ በደንብ የታሰበበት ሂስ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን አውጥቶ ማሳየትና፣ ነገሩ ወደ አማርኛ፣ ብሎም እኔ ወደማስተምርበት ወደ አሶሳ ሲመጣ ምን እንደሚገጥመው መመርመር ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። ተማሪዎቼ «ኮሚክ» ይላሉ፤ እኔ «የሥዕል ታሪክ» እላለሁ፤ በሁለቱም እንግባባለን። «ሱፐር ሂሮ» የሚባለውን አንዳንዶች «ልዕለ ኃያል» ይሉታል፤ ይሁንና ይህ ቃል በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ለአሜሪካና ለሶቪየት ኅብረት ያገለገለ ስለሆነ ዛሬም መንግሥት መንግሥት ይሸታል። ስለዚህ «ልዕለ ጀግና» የሚለውን መርጫለሁ። በየወሩ የሚወጣውን ስስ መጽሔት «ቁጥር»፣ በርከት ያሉ ቁጥሮች ተሰብስበው እንደ መጽሐፍ የሚታተሙበትን ደግሞ «ጥራዝ» ብዬዋለሁ። ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካላልሁባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሱፐርማን «አክሽን ኮሚክስ» በተባለው መጽሔት የመጀመሪያ ቁጥር ላይ በ1938 ወጣ። ጸሐፊው ጄሪ ሲግል፣ ሠዓሊው ጆ ሹስተር ነበሩ፤ ሁለቱም ወጣቶች ነበሩና ባለመብትነቱን በ130 ዶላር ለአሳታሚው ሸጡት። የዚህ ሥነ ጽሑፍ ጠባይ የተወሰነው በዚያች ሽያጭ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገጸ ባሕርዩ የደራሲው መሆኑ ቀርቶ የድርጅት ንብረት ሆነ፤ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ እሱ ይቀራል። ባትማን በ1939፣ ወንደር ዉማን በ1941፣ ስፓይደር ማን በ1962 ተከተሉ። ሁሉም ከሞላ ጎደል በዚሁ ሥርዓት ይኖራሉ። የአንድ ድርጅት ጀግኖች በአንድ ዓለም ውስጥ ጎረቤታሞች ስለሆኑ የአንዱ ታሪክ የሌላውን ይነካል። እንግዲህ ሰማንያ ዓመት በላይ በየወሩ የተጻፈ፣ በመቶ እጆች ያለፈ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር የተጠላለፈ ታሪክ ፊት የቆመ ጀማሪ «ከየት ልጀምር?» ቢል ምን ይፈረድበታል?

ለዚህ ጥያቄ የኅትመቱ ዓለም ያገኘው አንዱ መልስ ጥራዝ ነው። ድሮ ቁጥሮቹ ተነበው የሚጣሉ ነበሩ። በ1986 እና በ1987 በ12 ቁጥሮች የወጣው የአለን ሙርና የዴቭ ጊበንስ «ዎችመን» በአንድ ጥራዝ ተሰብስቦ በመጻሕፍት መደብር መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ግን፣ ታሪኩ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ብዙ ጸሐፊዎች ገና ሲነድፉ አምስትና ስድስት ቁጥር ተጠርዞ አንድ መጽሐፍ እንዲወጣው አድርገው ነው። ከዚህ የተነሣ ወዳጆቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን በየወሩ ይገዛል፤ ሌላው «ጥራዙን እጠብቃለሁ» ይላል። የወሩ ወገን ክሱ «ታሪኩ ለጥራዝ ሲባል ተለጥጧል፤ በአንድ ቁጥር የሚያልቀው ስድስት ወር ፈጀ» የሚል ነው። የጥራዙ ወገን «እኔ ቁራሽ አልፈልግም» ይላል። ይህ ክርክር ለእኛ አዲስ ሊሆን አይገባም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰውና መጽሐፉን በሦስት ቀን የጨረሰ ሰው ስለ አንድ ልቦለድ ይነጋገራሉ እንጂ አንድ ዓይነት ነገር አልደረሰባቸውም። የመጀመሪያው እስከ ቀጣዩ ዝግጅት ድረስ ከሰብለ ወንጌል ጋር ኖሯል፤ በመጠበቁ ውስጥ የገዛ ራሱን ትንቢት ሲተነብይ ሰንብቷል። የወር አንባቢ የሚወደው ይህንን ነው።

ወዳጆች ጥራዝ ሲያመለክቱ ከጀግናው ስም በፊት የጸሐፊውን ስም መጥራታቸው የመጀመሪያው ልብ የሚባል ነገር ነው። ለምሳሌ ያህል ብላክ ፓንተርን እንውሰድ። አሶሳ የማገኛቸው ወጣቶች አብዛኞቹ ያወቁት በ2018 በወጣው ፊልም ነው፤ ስለዚህ አንድ ብላክ ፓንተር ያለ ይመስላቸዋል። የቆየ አንባቢ ግን «የማን?» ብሎ ይጠይቃል። ስታን ሊና ጃክ ኪርቢ በ1966 ያወጡት ንጉሥ ለሌሎች ጀግኖች እንግዳ ሆኖ የመጣ ነው። በ1973 ዶን ማክግሬገር ሲረከበው ወደ አገሩ መልሶ ከገዛ ዜጋው ከኪልሞንገር ጋር አፋጠጠው። ክሪስቶፈር ፕሪስት በ1998 ንጉሡን ከሩቅ፣ በአንድ ግራ በተጋባ የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ አንደበት ተረከው፤ የአንጻር ምርጫ ገጸ ባሕርይን እንዴት እንደሚለውጥ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ታ-ነሂሲ ኮትስ ደግሞ ከሠዓሊው ከብራያን ስቴልፍሪዝ ጋር በ2016 ሲጀምር፣ ሕዝቡ ያመፀበት ንጉሥ አድርጎ አቀረበው። ስሙ አንድ፣ ልብሱ አንድ፣ አገሩ አንድ፤ ጭብጡ ግን አራት ነው።

በእኛ ሥነ ጽሑፍ ይህ አይደረግም። በዛብህ የሐዲስ ዓለማየሁ ነው፤ ሌላ ደራሲ ተነሥቶ የበዛብህን ሁለተኛ ሕይወት ልጻፍ ቢል እንደ ድፍረት ይቆጠርበታል። በሥነ ቃል ግን እንዲህ አይደለም። የአለቃ ገብረ ሐናን ቀልድ ማንም ያወራዋል፤ ማንም ይጨምርበታል፤ አድማጭም «እገሌ ሲያወራው ነው የሚያምር» ይላል። የልዕለ ጀግናው አንባቢ ሂስ እዚህ ላይ ይገኛል። ነገሩ የታተመ፣ የደራሲም ስም የተጻፈበት ቢሆንም፣ የሚመዝነው እንደ ተረት አዋቂ ነው፤ የታወቀውን ነገር ማን እንዴት አወጋው? ብሎ ነው።

ሁለተኛው ነገር ፍጻሜ ነው። ጣሊያናዊው ሊቅ ኡምቤርቶ ኢኮ በ1962 ስለ ሱፐርማን በጻፈው ጥናት አንድ ችግር አንሥቷል። የጥንት አፈ ታሪክ ጀግና ታሪኩ ያለቀ ነው፤ አድማጭ የሚመጣው የሚያውቀውን ሊሰማ ነው። የልቦለድ ጀግና ግን ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም፤ ይኖራል፣ ያረጃል፣ ይሞታል። ሱፐርማን ሁለቱንም መሆን አለበት። በየወሩ አዲስ ነገር ሊደርስበት ይገባል፤ ነገር ግን የደረሰበት ነገር ከለወጠውና ካስረጀው ንግዱ ያበቃል። ስለዚህ ጊዜው ጭጋግ የለበሰ ጊዜ ነው፤ ትናንትና ከትናንት በስቲያ የማይለይበት። በ1992 ሱፐርማንን ገደሉት፤ በ1993 መለሱት። ወዳጆቹ ዛሬ የአንድ ጀግና ሞት ሲታወጅ «ስንት ወር?» ብለው የሚቀልዱት ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን ባነበብሁ ቁጥር የሚመጣብኝ የገድላት አደረጃጀት ነው። በገድል ውስጥ የጻድቁ ልደት አለ፤ ተጋድሎ አለ፤ ቃል ኪዳን አለ፤ ዕረፍት አለ። ሕይወቱ ተፈጽሟል። ከዚያ በኋላ ተአምራቱ ይመጣሉ፤ አንድ ተአምር፣ ሌላ ተአምር፣ ሌላም፤ እነዚህ ግን መጨረሻ የላቸውም፤ እያንዳንዱም ራሱን ችሎ ይነበባል። «ከየት ልጀምር?» የሚል የተአምር አድማጭ የለም፤ ከየትም ይጀመራልና። የእኛ ሊቃውንት ያለቀውንና የማያልቀውን በሁለት ክፍል ለይተው በአንድ መጽሐፍ ጠረዟቸው። የልዕለ ጀግናው ታሪክ ጭንቀት፣ ተአምሩ ሳይቋረጥ ገድሉንም መጻፍ መፈለጉ ነው፤ ዕረፍት የሌለው ገድል። ጥራዙ ለአንባቢ የሚሰጠው የተዋሰውን ዕረፍት ነው ልንል እንችላለን። (ሁለቱን የማነጻጽረው በቅርጽ ብቻ መሆኑን አንባቢ ይረዳልኛል ብዬ አምናለሁ፤ ገድል ለአማኙ ሌላ ነው።)

በቅርብ ዓመታት ድርጅቶቹ ሌላ መልስ ሞክረዋል፤ ይኸውም አዲስ ዓለም ከፍቶ ጀግኖቹን ከአንድ ቁጥር እንደገና መጀመር ነው። በ2024 ጥር ወር የጀመረው የጆናታን ሂክማንና የማርኮ ኬኬቶ «አልቲሜት ስፓይደር ማን» የምናውቀውን ጎረምሳ ትቶ ባለ ትዳርና የሁለት ልጆች አባት የሆነ ፒተር ፓርከርን አቀረበ፤ ኃይሉን የሚያገኘው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው። በዚያ ዓለም በሁለት ቁጥሮች መካከል ለአንባቢው አንድ ወር ሲያልፍ ለጀግናውም አንድ ወር ያልፋል። የኢኮ ጭጋግ እዚህ ተገፈፈ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት የወጣው የስኮት ስናይደርና የኒክ ድራጎታ «አብሶሉት ባትማን» ደግሞ የብሩስ ዌይንን ሀብት ወሰደበት፤ እናቱ በሕይወት አሉ፤ እሱ በከተማው መሐንዲስ ሆኖ የሚሠራ ሰው ነው። ለጀማሪ ከየትኛው ይሻላል ብትሉኝ በበኩሌ ስፓይደር ማኑን አስቀድማለሁ። «አብሶሉት ባትማን» ኃይለኛ ነው፤ ሥዕሉ ይጮኻል፤ ነገር ግን ሀብታም የነበረውን ባትማን ያላወቀ አንባቢ ምን እንደተወሰደበት አያውቅም፤ ግማሹ ጣዕም ያመልጠዋል። አዲስ ጅምር የተባለው በአሮጌው ላይ የቆመ ነው። በተማሪዎቼ መካከል ይህን የማይቀበሉ አሉ፤ «ድሀ ሰው ጉልበቱን ሲጠቀም ለማየት የባለጸጋ ታሪክ ማወቅ ለምን ያስፈልገኛል?» ብሎ አንዱ ሞግቶኛል። ጥሩ ሙግት ነው።

ወደ ቋንቋችን ልምጣ፤ ለአማርኛ ክፍል ተማሪ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ይህ ይመስለኛል። በ2018 «እጣን ኮሚክስ» የተባለው የብስራት ደበበ አሳታሚ ድርጅት «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የልዕለ ጀግና የሥዕል ታሪክ ተብሎም ተዋወቀ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ያጣ ወጣት ነው። በ2019 ደግሞ «ሐዊ» የተባለችው ሴት ጀግና ተዋወቀች፤ ስሟ ከኦሮምኛ የተወሰደ ሲሆን ምኞት ማለት ነው። አማኑኤልን አሶሳ ያሉ ተመራቂዎች ማብራሪያ ሳያስፈልጋቸው ያውቁታል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ የሥራ ልምድ ሲጠየቅ የቆየ ሁሉ ወንድሙ ነው። ከሌላ ፕላኔት ከመጣ ሰው ይልቅ ከምርቃት የመጣ ሰው ለልዕለ ጀግንነት መነሻ መሆኑ የጸሐፊውን ዓይን ያሳያል።

ነገር ግን አማርኛ በንግግር ፊኛ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? ይህ ገና ያልተጠና ነው። ሦስት ነገሮችን ብቻ ላንሣ። አንደኛ፣ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ይመታል» ተብሎ ቢጻፍ የሚመታው እሱ ነው ወይስ በእሱ ላይ ነው ዱላው? በልቦለድ ውስጥ ዙሪያው ያሉት ዐረፍተ ነገሮች ይነግሩናል። በፊኛ ውስጥ ዙሪያ የለም፤ ሥዕሉ ነው የሚያጠብቀውና የሚያላላው። ብልህ ጸሐፊ ይህን እንደ ችግር ሳይሆን እንደ ሰምና ወርቅ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ቃሉን በአንዱ ገጽ ላይ ትቶ በሚቀጥለው ገጽ ሥዕሉ እንዲፈታው ማድረግ ነው። ከዚሁ ጋር የሚሄደው የአንቀጻችን ጠባይ ነው። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ «የአባትህን ገዳይ…» ብሎ ገጹ ካበቃ፣ አንባቢው ገጹን የሚገልጠው ግሡን ፍለጋ ነው፤ አውቀዋለሁ? ደብቄዋለሁ? ነኝ? ለተከታታይ ታሪክ ከዚህ የተመቸ ሰዋስው ከየት ይመጣል!

ሌላው የድምፅ ቃላት ናቸው። የአሜሪካው የሥዕል ታሪክ በፍንዳታና በቡጢ ድምፅ የታወቀ ነው። አማርኛ ግን ከድምፅ አልፎ የሚሄድ ሀብት አለው። «ድው»፣ «ጧ»፣ «ከሽ» ድምፅ ናቸው፤ «ብልጭ» ግን ብርሃን ነው፤ «ሹልክ» አካሄድ ነው፤ «ክው» በሰው ውስጥ የሚሆን ነው፤ «ጭጭ» ደግሞ ድምፅ አለመኖሩ ራሱ ነው። የጃፓን የሥዕል ታሪኮች ለዝምታ የሚጽፉት ድምፅ እንዳላቸው ሲነገር ብዙዎች ይደነቃሉ፤ እኛ በየቀኑ የምንናገረው ነገር ነው። እነዚህ ቃላት በዐረፍተ ነገር ውስጥ «አለ» ወይም «አደረገ» ካልደገፋቸው አይቆሙም። በሥዕል ታሪክ ውስጥ ግን ሥዕሉ የ«አለ»ን ሥራ ይሠራል። በደነገጠ ፊት ላይ «ክው» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ ይበቃል። ስኮት ማክላውድ በ1993 ስለ ሥዕል ታሪክ ባወጣው መጽሐፍ አንባቢው በሁለት ሥዕሎች መካከል ያለውን ባዶ ክፍተት በራሱ እንደሚሞላ አስረድቷል፤ አማርኛ አንባቢ ከክፍተቱ ሌላ ግሡንም ይሞላል ማለት ነው። ሥነ ልሳን የሚያጠና ተማሪ የመመረቂያ ርእስ ቢያጣ፣ ይኸው።

እዚህ ላይ ስለ አሶሳ መናገር ይኖርብኛል። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ እነዚህን ጥራዞች የሚሸጥ መደብር በበኩሌ አላየሁም። ወጣቶቹ የሚያነቡት በስልክ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍ ፋይል። ቁጥር ሦስት ይገኝና ቁጥር አራት ይጠፋል፤ ስድስተኛው ከፊሉ የተበላሸ ይመጣል። ስለዚህ እዚህ ጥራዝ ማመልከት ማለት ሌላ ነገር ነው። ከአሜሪካው ወዳጅ ይልቅ «ራሱን ችሎ ይነበባል ወይ?» የሚለው መመዘኛ ይከብዳል። አንድ ተማሪ ለጓደኞቹ የጎደለውን ቁጥር በቃል ሲተርክላቸው ሰምቻለሁ፤ በኋላ ቁጥሩ ሲገኝ «ያንተ ይሻል ነበር» አሉት።

ከክልሉ ወጣቶች አብዛኞቹ አማርኛን የተቀበሉት ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት ነው። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከድርቁ ሸሽተው በሰፈራ የመጡት የወሎ ቤተሰቦች ልጆች ደግሞ እዚሁ ተወልደው ያደጉ አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ይህ ሁሉ በአንድ የመማሪያ ክፍል ይቀመጣል። አንዲት በርታ ተማሪ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ጂ. ዊሎው ዊልሰንና አድሪያን አልፎና በ2014 የጀመሩትን የ«ሚስ ማርቭል» ታሪክ ነው። ጀግናዋ ካማላ ካን ከፓኪስታን የመጡ ቤተሰቦች ልጅ፣ ሙስሊምና ተማሪ ናት፤ የመጀመሪያው ጥራዝ በ2015 የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። «የምትዋጋው ከመጥፎ ሰው በፊት ከእናቷ ጋር ነው፤ በማታ ላለመውጣት» አለችኝ። ከየት ልጀምር ለሚል ሰው ይህ ጥራዝ የተሟላ መልስ ነው፤ ከዚያ በፊት ምንም ማንበብ አያስፈልግም።

ልዕለ ጀግና ያለ ባለጋራ አይኖርም። የእኛ የጀግና ሥነ ቃልም እንዲሁ ነው፤ ፉከራውም ቀረርቶውም «ገዳይ» ብሎ ነው የሚነሣ። የተገደለው ማን ነበር? በምዕራቡ ጠረፍ ይህ ጥያቄ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የደጋው ጀግና ዘመቻ ብሎ የወረደበት ቆላ የጉሙዝ አገር ነበር፤ ከዚያ የተነዱት ሰዎች ባሪያ ሆነው ተሸጡ፤ የተጠሩበትም ስም ዛሬ ስድብ ስለሆነ አልደግመውም። ከአካባቢው ከራሱ የተነሡትም ቢሆኑ ቀላል አይደሉም። ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ከዘመቱ በኋላ የምኒልክን መንግሥት ተቀብለው ገዙ፤ በወርቅም በባሪያም ንግድ ስማቸው ተነሥቷል። አዲስ አበባ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስያሜ የመጣው ከእሳቸው ነው፤ ታክሲ ረዳቱ በየቀኑ ሲጠራቸው ይውላል። የእሳቸውን የሥዕል ታሪክ ልሥራ የሚል ወጣት ጀግና ያድርጋቸው ወይስ ባለጋራ? ይህን ሳስብ ደግሞ የሩቁ ብቻ አይደለም የሚታየኝ፤ በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ ብዙዎች ተፈናቅለዋል። በክፍሌ ውስጥ ከየወገኑ ዘመድ የሞተባቸው ልጆች አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ። «ባለጋራውን ሣሉ» ተብሎ የሚሰጥ የቤት ሥራ የለኝም።

ስለዚህ ነው የኮትስን ብላክ ፓንተር ደጋግሜ የማመለክተው። ብዙ ወዳጆች ይህን ሥራ ይዘገያል፣ ንግግር ይበዛበታል ይላሉ፤ እውነት ነው፤ ውጊያ ፈልጎ የመጣ ሰው ያዛጋል። ነገር ግን በውስጡ ያመፁት ሰዎች ምክንያት አላቸው። ንጉሡ ጠላቱን ደብድቦ የሚያሸንፍበት መንገድ የለውም፤ ጠላት የተባለው ሕዝቡ ነውና። መጨረሻው ላይ የሚደርሰው ወደ ጉባኤና ወደ ሕገ መንግሥት ነው። ልዕለ ጀግና ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ መሣል ከባድ ነው፤ ስቴልፍሪዝና ከእሱ በኋላ የመጡት ሠዓሊዎች ሞክረውታል፤ አንዳንዱ ገጽ ተሳክቷል፤ አንዳንዱ አልተሳካም። አሶሳ ላይ ሆኖ የሚነበበው የተሳካው ብቻ አይደለም።

በተማሪዎቼ መካከል የራሳቸውን ለመሥራት የሚመካከሩ አሉ። እስካሁን በወረቀት ላይ ያለው ጥቂት ነው፤ ከቅል የሚሠራውን የበርታን ዋዛ የሚነፋ አንድ ልጅና ድምፁ የሚያደርገው ነገር። የዋዛ ሙዚቃ በአንድ ሰው አይሆንም፤ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ በተራው ያወጣና ዜማው የሚገኘው ከሁሉም ተጋግዞ ነው፤ ስለዚህ «ጀግናው ብቻውን ከሆነ ኃይል የለውም» ብለው ተስማምተዋል። ባለጋራው ላይ አልተስማሙም። ትልቁ ክርክር ግን ስለ ቋንቋ ነው። አንዱ በአማርኛ ይሁን ይላል፤ ሁሉም ያነበዋልና። ሌላው ልጁ በርታ ሆኖ እንዴት ከእናቱ ጋር በአማርኛ ያወራል? ይላል። በመጨረሻ አንዷ፣ ለሰው የሚናገረው በፊኛ ውስጥ በአማርኛ፣ ለራሱ የሚያስበው ደግሞ በበርታ ቋንቋ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበች። የአሜሪካ ጸሐፊዎች ከሞላ ጎደል የተዉትን የሐሳብ ፊኛ ሥራ ልትሰጠው ነው። በርታ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ በአንድ ሥዕል ውስጥ ሁለት ፊደል ሊጎራበት ነው፤ ጽሕፈቱን የሚሠራው ልጅ በአሁኑ ሰዓት የተያዘው የግእዙ ፊደል ቁመትና የላቲኑ እንዴት እኩል እንደሚሆኑ በመለካት ነው።